የጓያ እንፋሎት

ከማስታወሻ ደብተሬ። አቃቂ በሰቃ፣ ጥር 14 ቀን 1958 ዓ.ም.

ዛሬ ከህንድ አገር ደብዳቤ ደረሰኝ። የባቡር ጣቢያው የቴሌግራም ሠራተኛ ሳህሌ እህል መጋዘኔ ድረስ ይዞልኝ መጣ። የጻፈው ኦላና ነው፤ የሟቹ የአጎቴ ልጅ የአያና የበኩር ልጅ። ሁለት ዓመት አንድ ቃል ሳይጽፍ ቆይቶ አሁን «አዳዳ»፣ አክስቴ፣ እያለ ዘር ይላኩልኝ ይላል። ተናደድኩ። ስናደድ ቶሎ አልመልስም፤ ሦስት ቀን አሳድሬ ነው የምጽፈው። የእርሱን ደብዳቤ እዚህ ለጥፌዋለሁ፤ የእኔንም ከመላኬ በፊት እገለብጠዋለሁ። አንድ ቀን «እንዲህ አላልሽም» የሚለኝ አይጠፋምና።

ህንድ አገር፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለተከበሩ አዳዳዬ ለወይዘሮ ጠጄ ሮሪሳ፣

ጤናዎ የተሟላ፣ መጋዘንዎ የሞላ፣ ክፉ ወሬ ከደጃፍዎ የራቀ ይሁን። እኔ ከሙቀቱ በቀር የምከሰው ነገር የለም። ሳልጽፍ መቆየቴ ጥፋት ነው፤ ትምህርቱ ከብዶኝ እንጂ ዘንግቼዎት አይደለም።

የምማረው የዕፅዋት ሳይንስ ነው። ሥር ምን እንደሚሠራ፣ ቅጠል በምን እንደሚኖር፣ ዘር ውስጥ ምን እንዳለ እናጠናለን። ሌላው ሰው ሣር ብሎ የሚረግጠውን እኛ ቆርጠን በማጉያ መነጽር እናያለን። መምህራችን እያንዳንዳችን የአገራችንን ጥራጥሬ አስመጥተን እንድንዘራ አዞናል። የአቃቂን እህል ከእርስዎ የበለጠ የሚያውቅ ሰው የለኝም። ከሽምብራ፣ ከምስር፣ ከአተር፣ ከባቄላ፣ ከአብሽና ከጓያ አንድ አንድ የሻይ ብርጭቆ በጨርቅ ቋጥረው ቢልኩልኝ ውለታዎን አልረሳም። እናቴን ዲንቄንና ወንድሜን ፈየራን ይሳሙልኝ።

አክባሪዎ ኦላና አያና

አቃቂ በሰቃ፣ ጥር 17 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለኦላና አያና፣

ሁለት ዓመት እናትህን ያስረሳህ ትምህርት በደህና ያስጨርስህ። ምርቃቴ ይኸው ነው፤ የቀረውን ስትመጣ ትሰማዋለህ።

እናትህ ፖስታ በሚገባበት ቀን ሁሉ ጣቢያው በር ላይ ትቆማለች። ሳህሌ «እማማ ዲንቄ፣ ሐዲዱ ህንድ ድረስ ገና አልተዘረጋም» እያለ ይቀልድባታል። እርሷ ትስቃለች፤ እኔ ግን ስቄ አላውቅም። አሁንም የጻፍከው ለእርሷ ሳይሆን ለእኔ ነው፤ ለእኔም የጻፍከው ስለፈለግኸኝ ነው። ነጋዴ ነኝ፤ ሰው ሲፈልገኝ አይከፋኝም። ብቻ ሰላምታውን አታርዝምብኝ።

ወሬው እንዲህ ነው። ክረምቱ በነሐሴ አጋማሽ ጥሎን ሄደ። ጥቁሩ መሬት ላይ ጤፉ ሳያፈራ ቀረ፤ ሽምብራውም የአምናው ግማሽ ነው። የቆመው ጓያ ብቻ ነው፤ እርሱ መሬቱ ተሰነጣጥቆም ያብባል። ፈየራ ከባቡር ላይ ጭነት ያወርዳል። ኩንታል በአንድ ትከሻው አድርጎ ይዘፍናል፤ ጉልበቱ የአባትህ ነው። እናትህን ጦም አላሳደርኳትም። በየሳምንቱ አንድ ቁና እህል እልክላታለሁ፤ ወገኔ ስለሆነች እንጂ አንተ አደራ ስላልከኝ አይደለም።

ዘሮቹን ልኬልሃለሁ። ዐይኔን ጨፍኜ በጣቴ የምለየውን እህል በመነጽር ለማየት ባሕር መሻገርህ ይገርመኛል። ለድካሜ አንድ ነገር ንገረኝ፤ ሽምብራዬን ነቀዝ እየበሳብኝ ነው። ትምህርትህ ለዚህ ካልሆነ ለምን ይሆናል?

ጠጄ ሮሪሳ

ህንድ አገር፣ መጋቢት 20 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለተከበሩ አዳዳ ጠጄ፣

እጅዎ አይንጠፍ። ዘሮቹ ደርሰውኛል፤ ቁጣዎም አብሮ ደርሶኛል፤ ሁለቱም ደህና በቅለዋል። ለእናቴ ለብቻዋ ጽፌያለሁ።

ለነቀዙ ሽምብራውን በደንብ ፀሐይ ያስመቱትና በተነፋ ደቃቅ አመድ ይለውሱት። አመዱ የነቀዙን ገላ ይፍቀዋል፤ ውስጡ ያለው እርጥበት ያልቅና ይሞታል።

ዐይንዎን ጨፍነው የሚለዩትን እህል ደግሞ አንድ ጊዜ ዐይንዎን ገልጠው ይዩት። አንድ ሽምብራ ዘፍዝፈው ያሳድሩና ጠዋት ልጣጩን ይግፈፉ። ሁለት ክክ ሆኖ ይከፈላል። በሁለቱ መሃል፣ ከጫፉ በኩል፣ የጥፍር ቁራጭ የምታህል ሹል ነገር ተኝታለች። ተክሉ እርሷ ናት። ክኮቹ የእርሷ ስንቅ ናቸው። መጀመሪያ ሥሯን ወደ ታች ትልካለች፣ ቀጥላ ቅጠሏን ወደ ላይ። ቅጠሏ ብርሃን እስኪያገኝ የምትበላው ያንን ስንቅ ነው። ቅጠሉ ከወጣ በኋላ ግን ራሷን ትችላለች፤ ከሥር ውሃ፣ ከአየር እኛ የምናስወጣውን ትንፋሽ፣ ከፀሐይ ብርሃን ወስዳ ምግቧን ራሷ ትሠራለች። እኛ ሽሮ ብለን የምንበላው ለእርሷ የተሰነቀውን ነው።

የሽምብራን ሥር በቀስታ ቢነቅሉት ማሽላ የሚያህሉ እብጠቶች ያገኛሉ። በሽታ አይደሉም። በውስጣቸው በዐይን የማይታዩ ሕያዋን አሉ፤ ከአየሩ ለመሬት ማዳበሪያ የሚሆነውን ይይዛሉ። ሽምብራ በነበረበት መሬት ጤፍ የሚያምረው ለዚህ ነው።

ተክል መሸሽ አይችልም፤ ስለዚህ ስንቁን በቆመበት ይጠብቃል፤ አንዱ በእሾህ፣ አንዱ በምሬት፣ አንዱም በመርዝ። በዚህ ረገድ ስለ ጓያ እዚህ አገር ብዙ ይባላል፤ ፈተና ስለደረሰብኝ ሌላ ጊዜ እጽፍልዎታለሁ።

አክባሪዎ ኦላና

ከማስታወሻ ደብተሬ። ሚያዝያ 29 ቀን 1958 ዓ.ም.

ውሸቱን ልይዘው ብዬ ትላንት አሥር ሽምብራ ዘፈዘፍኩ። ዛሬ ጠዋት ገፈፍኩት። አለች። በአሥሩም ውስጥ አለች። ሠላሳ ዓመት ሽምብራ ስሸጥ ምን እንደያዘ አላውቅም ነበር። ይህን ለእርሱ አልጽፍለትም።

አመዱም ሠርቷል።

ሰኔ 6 ቀን።

ፈየራ ዛሬ ጣቢያው መጋዘን ደረጃ ላይ ከነኩንታሉ ወደቀ። «አዳለጠኝ» ብሎ ተነሣና ሳቀ። ሳህሌ ግን ለብቻዬ ጠርቶ፣ «እትዬ ጠጄ፣ በዚህ ሳምንት ሦስተኛው ነው። ጉልበቱ አልታዘዝ ብሎታል» አለኝ።

ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ሄድኩ። ፈየራ ከአልጋው ተነሥቶ ሊቀበለኝ ሲመጣ አየሁት። ተረከዙ መሬት አይነካም፤ በጣቶቹ ጫፍ ነው የሚራመደው፤ ጉልበቶቹም እርስ በርስ ይጋጫሉ። ዲንቄ ወደ ጓሮ ወሰደችኝ።

«ጓያው ነው» አለችኝ። «ስቀቅል አትግባ፣ እንፋሎቱ ይመታሃል እለዋለሁ። ከሥራ ሲመጣ ይርበዋል፤ ክዳኑን ራሱ ይከፍታል። ይኸው መታው!»

እዚህ አገር ይህን የማያውቅ የለም። ጓያ የሚሰብረው በእንፋሎቱ ነው። ሴቶች ክዳን ሲያነሡ አፍና አፍንጫቸውን በነጠላ ይሸፍናሉ፣ በሩን ይከፍታሉ። ሲወቃም ገለባው ላይ የሚቀመጥ የለም። እኔም እንዲሁ ነው የማደርገው።

«ለኦላና እንዳትጽፊበት» አለችኝ። «ትምህርቱን ጥሎ ይመጣል። በአያና አጥንት ይዤሻለሁ።»

በአያና አጥንት ከያዘችኝ ምን እላለሁ።

አቃቂ በሰቃ፣ ሰኔ 9 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለኦላና አያና፣

ፈተናህን በደህና ያሳልፍህ። ሽምብራው ከነቀዝ ድኗል፤ ለዚህ አመሰግንሃለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። አንድ ደንበኛዬ፣ ጎልማሳ ነው፣ እግሮቹ ደርቀውበት በጣቱ ጫፍ ይሄዳል። የጓያ እንፋሎት መቶት ነው። እንፋሎቱን ከሰውነት የሚያወጣ ሥር ወይም ቅጠል በመጽሐፍህ ውስጥ ካለ ስሙን ጻፍልኝ። ሰውየው ሠራተኛ ነው፤ በእግሩ ነው የሚያድረው፤ ስለዚህ አትዘግይ።

እናትህና ወንድምህ ደህና ናቸው።

ጠጄ ሮሪሳ

ከማስታወሻ ደብተሬ። ሐምሌ 16 ቀን 1958 ዓ.ም.

ዛሬ ጠዋት የድሬዳዋው ባቡር ቆሞ ተሸካሚዎቹ ሁሉ ተሰብስበው ሳለ ሳህሌ በመስኮቱ ብቅ ብሎ ጮኸ።

«እትዬ ጠጄ! ቴሌግራም ከህንድ! እንዲህ ይላል፤ ‹ጓያ ለማንም አይሽጡ። እንፋሎቱ አይደለም። ፍሬው ነው። ደብዳቤ ይከተላል።›»

«እንዴ! እና እስከዛሬ ምን ስትሸጪልን ነበር?» አለ አንዱ።

«እኛ ደግሞ እህል መስሎን!» አለ ሌላው። ሣቁ ሐዲዱን ተሻግሮ ተሰማ።

ሳህሌ ምን እንዳደረገ የገባው ወረቀቱን አጣጥፎ ሲሰጠኝ ነው፤ ፊቱ ቀላ። እስከ ቀትር ድረስ ወሬው ከእኔ መጋዘን ፊት ለፊት የሚሸጠው አሻግሬ ጋ ደርሷል። «የእኔ ጓያ ህንድ አያውቅም፤ ኑ!» እያለ ይጣራል።

ተናደድኩ። ሦስት ቀን አሳድሬ እጽፍለታለሁ፤ የሚበርድልኝ ግን አይመስለኝም።

አቃቂ በሰቃ፣ ሐምሌ 19 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለኦላና፣

ዘመድህን በአደባባይ የምታዋርድበትን ጥበብ በሚገባ ተምረሃል፤ ዲፕሎማህን ይስጡህ። እኔ መድኃኒት ጠየቅሁህ፤ አንተ በሥራዬ ላይ ፈረድክ። ያውም በሳህሌ መስኮት!

ጓያ ዛሬ የመጣ እህል ነው? እኔና አባትህ በአንድ ገበታ ጓያ በልተን ነው ያደግነው፤ እርሱም እስከሞተበት ቀን ቀጥ ብሎ ሄዷል። እናቶቻችን ሁሉ ከእንፋሎቱ ሲሸሹ የኖሩት ደንቆሮ ሆነው ነው? ማስረጃህን አምጣ። ማስረጃ ከሌለህ ይቅርታህን በዚያው በቴሌግራም ላክና ሳህሌ ጮክ ብሎ ያንብበው።

ጠጄ ሮሪሳ

ህንድ አገር፣ ሐምሌ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. (በአየር መልእክት፤ ሐምሌ 27 ደረሰኝ። የእኔን ቁጣ ሳያገኝ የጻፈው ነው።)

ለተከበሩ አዳዳ ጠጄ፣

ይህን ወረቀት ከመዘግየት ይሰውርልኝ። ደብዳቤዎ በባሕር ተጉዞ አምስት ሳምንት ፈጅቶ ትላንት ደረሰኝ። ቴሌግራሙ ካስደነገጠዎት ይቅር ይበሉኝ፤ መቆየት አልቻልኩም።

የላኩልኝ ጓያ እዚህ ሰማያዊ አበባ አብቧል። ግንዱ ግራና ቀኝ እንደ ክንፍ ጠፍጣፋ ጠርዝ አለው፤ የቅጠሉ ጫፍ ያገኘውን ሁሉ የሚጨብጥ ጅራት ነው። ከአተር ጋር የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ግን አተር የሌለው አንድ ነገር አለው፤ በክኩ ውስጥ፣ ያ ስንቅ ባልኩዎት ውስጥ፣ መርዝ ያስቀምጣል። ይህ መርዝ ከውሃ ጋር ተንኖ አይወጣም። እንፋሎቱ ውሃ ብቻ ነው። ገለባው ላይ የተቀመጠም፣ ማሳውን ያቋረጠም ምንም አይሆንም። የሚጎዳው የበላ ነው። እዚህም አገር ሰው በዚሁ እህል ይሰበራል፤ መርዙን ሊቃውንቱ ለይተው ያወጡት ከሁለት ዓመት ወዲህ ነው።

የሚያታልለን እንዲህ ነው። አንድ ቀን በልቶ የሚታመም የለም። ከሌላ እህል ጋር አልፎ አልፎ የሚበላውም አይታመምም፤ እርስዎና አባቴ እንዲያ ነው የበላችሁት። ሁለት ሦስት ወር እርሱን ብቻ የበላ፣ ይልቁንም ከባድ ሥራ የሚሠራ፣ ወደ እግር የሚወርደው ነርቩ ይሞታል። ጓያ ብቻውን የሚበላው መቼ ነው? ሌላው ሁሉ በድርቅ ሲጠፋ ነው። ድርቁ ደግሞ መርዙን ይጨምረዋል። ተቀቅሎ ውሃው ቢደፋ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም።

መድኃኒት ያሉኝ የለም። የሞተ ነርቭ አይመለስም። ያ ሰው ግን ዛሬውኑ ቢያቆም የቀረው ይተርፍለታል። ካላመኑኝ ይቁጠሩ። ማን ከየትኛው ጆንያ እንደሚወስድ እርስዎ ያውቃሉ። የተሰበሩትን ይቁጠሩ፤ ያልተሰበሩትንም ይቁጠሩ።

ኦላና

ከማስታወሻ ደብተሬ። ነሐሴ 4 ቀን 1958 ዓ.ም.

ልረታው ብዬ ቆጠርኩ።

የጀመርኩት ከአስካለች ነው። ጣቢያው አጥር ሥር ለተሸካሚዎች የጓያ ንፍሮ የምትሸጠው እርሷ ናት። ከእርሷ ይበልጥ እንፋሎት የጠጣ ሰው በአቃቂ የለም።

«አስካለች፣ ስንት ዓመት ቀቀልሽ?»

«ዘጠኝ። ምነው፣ ልትቀጥሪኝ ነው?»

«አፍሽን ትሸፍኛለሽ?»

«ሁለት እጅ ነው ያለኝ እትዬ ጠጄ! ፊቴን እስኪልጠኝ ነው የሚመታኝ።»

«እግርሽስ?»

ተነሥታ ወገቧን ይዛ ሁለት ጊዜ ዘለለችልኝ። «እንኳን ልሰበር፣ ሠርግ ቤት ማንም አያስቀምጠኝም።»

«ከምትቀቅዪው ትበያለሽ?»

«ቀኑን ሙሉ እያየሁት? መልኩ ይሰለቸኛል። እኔ ቤቴ በቆሎዬን ነው የምበላው።»

እዚያው አጥሩን ይዤ ቆምኩ። እንፋሎቱ ቢሆን ኖሮ ይህች ሴት ዛሬ በጉልበቷ ትድህ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ስድስት ቀን ዞርኩ። በአካባቢያችን ዘንድሮ እግራቸው የደረቀ ሰባት ናቸው። ሰባቱም ከየካቲት ወዲህ ከጓያ በቀር ሌላ እህል ያልገባበት ቤት ያሉ ናቸው። ጓያውን ከገብስና ከበቆሎ ጋር ከሚያደባልቁት ቤቶች አንድም ሰው አልተነካም። ከሰባቱ ስድስቱ ከእኔ ነው የገዙት።

ሰባተኛው አልገዛም። ለእርሱ ቤት በየሳምንቱ አንድ ቁና በነጻ የሰጠሁት እኔ ነኝ። በቆሎ መስጠት እችል ነበር። ጓያ የሰጠሁት መጋዘኔን የሞላው እርሱ ስለነበረ ነው።

ዛሬ በቆሎና ገብስ አስጭኜ ለዲንቄ ወሰድኩላት፤ የቀረውን ጓያ ከቤቷ አስወጣሁ። ነገሩን ስነግራት አላመነችኝም፤ ፈየራ ግን አመነኝ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ወደ ግድግዳው ዞረ። አሁን በሁለት ዱላ ነው የሚሄደው።

የመጋዘኑን ጓያ ቆልፌበታለሁ። ለሚጠይቀኝ ሁሉ «አለቀ» እላለሁ።

ህንድ አገር፣ ነሐሴ 22 ቀን 1958 ዓ.ም. (በአየር መልእክት፤ መስከረም 2 ደረሰኝ።)

ለወይዘሮ ጠጄ ሮሪሳ፣

ሰላምታ የለኝም። ሳህሌ ጽፎልኛል።

ደንበኛዬ ያሉት ወንድሜ ነው። «እናትህና ወንድምህ ደህና ናቸው» ያሉበትን ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼዋለሁ፤ በየቀኑ አነበዋለሁ። የተጻፈው ሰኔ 9 ነው፤ የደረሰኝ ሐምሌ 12 ነው። «ፈየራ ነው» የሚል አንድ ቴሌግራም ቢልኩ በሁለት ቀን ይደርሰኝ ነበር። በእነዚያ አምስት ሳምንታት ውስጥ ጠዋትም ማታም በላ። ሲጀምር በጣቱ ጫፍ ይራመድ ነበር አሉ፤ አሁን በሁለት ዱላ ነው አሉ። ያ ልዩነት የእርስዎ ዝምታ ነው።

እህሉም የእርስዎ ችሮታ ኖሯል። በየሳምንቱ አንድ ቁና! ይህን በመጀመሪያው ደብዳቤዎ ሲመጻደቁበት የምን ቁና እንደሆነ አልነገሩኝም።

አሁን ደግሞ «አለቀ» እያሉ ነው። ለምን? ያልገዛዎት ሰው መንገዱን ተሻግሮ ከአሻግሬ ይገዛል። እውነቱን ያውቃሉ፤ ቆጥረዋል፤ ስምዎን ለማዳን ግን ቆልፈውበታል። የእርስዎ ቁልፍ የማንን እግር ያድናል?

ትምህርቱ ይቅር። መጥቼ ገበያው መሃል ቆሜ እናገራለሁ።

ኦላና አያና

አቃቂ በሰቃ፣ መስከረም 16 ቀን 1959 ዓ.ም.

ለኦላና አያና፣

አዳዳ ማለትህን ትተሃል። መብትህ ነው፤ አልለምንህም። እኔ ግን እንደ ቀድሞው እመርቅሃለሁ፤ ዕድሜ ይስጥህ፣ የምትቆጣበት አንደበትም አያሳጣህ።

ያልከው ሁሉ እውነት ነው፤ አንዱንም አልክድም። እናትህ በአባትህ አጥንት ይዛኝ ነበር፤ ይህን የምነግርህ ልታመካኝልኝ አይደለም፤ ቃል መጠበቅና እግር መጠበቅ ሲጋጩ የትኛው እንደሚበልጥ መለየት የነበረብኝ እኔ ነኝ። አንተም የመጋቢቱን ደብዳቤህን አውጣና እየው። «ስለ ጓያ ብዙ ይባላል፤ ሌላ ጊዜ እጽፍልዎታለሁ» ብለሃል። በመጋቢት ፈየራ ኩንታል ተሸክሞ ይዘፍን ነበር። ፈተናህን በስንት አለፍክ? እኔ ዝም ያልኩት አምስት ሳምንት ነው፤ አንተ አራት ወር ገደማ። ይህን የጻፍኩት ሦስት ቀን ሳይሆን ሁለት ሳምንት አሳድሬ ነው፤ ብትቆጣ ተቆጣ።

ስለ ቁልፉ ያልከው ግን እንቅልፍ ነሣኝ። ዓርብ ዕለት እናትህ ቤት ሄድኩ። ፈየራ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ነበር።

«ዛሬ ደግሞ ምን ሊሰጡኝ መጡ?» አለኝ።

«ነገ ገበያ ወጥቼ ልናገር ነው። ብቻዬን ግን አያምኑኝም።»

«እኔ እንደ ማሳያ ልቆም?»

«አዎ» አልኩት።

ዱላዎቹን ወደ ጉልበቱ ሳበ። ከዚያ፣ «በጋሪ ይውሰዱኝ። በእግሬ ስሄድ መንገድ ላይ ያሉት ያዩኛል፤ ከታየሁ አይቀር ሁሉም በአንድ ጊዜ ይየኝ» አለ።

ቅዳሜ ገበያው ሞልቶ ሳለ መጋዘኔን ከፈትኩና ጓያውን በሙሉ ደጅ አወጣሁት። ጆንያው ላይ ቆሜ ተናገርኩ። አላለቀም፣ ዋሽቻችሁ ነበር አልኩ። እንፋሎቱ አይደለም፣ ፍሬው ነው አልኩ። አስካለችን ጠርቼ አቆምኳት። የሰባቱን ሰዎች ስም አንድ በአንድ ጠራሁ፤ «ስድስቱ ከእኔ ገዙ፤ ሰባተኛውን ያበላሁት እኔው ነኝ» አልኩ።

«ዋጋ ልታስወድጂ ነው!» አለ አንዱ ከኋላ።

«እትዬ ጠጄ ደግሞ ሐኪም ሆናልናለች!» አለ አሻግሬ፤ ሰው ሁሉ ሳቀለት። «ጓያ ፍሬው የሚሰብር ቢሆን እኔ የት እቆም ነበር?»

ፈየራ ከጋሪው ወረደ። «ጋሽ አሻግሬ» አለ፤ «ቤትዎ የሚበላው ጤፍ ነው። ኩንታሉን ከባቡር አውርጄ ደጅዎ ድረስ የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ኑ፣ እስከ ሐዲዱ እንሽቀዳደም።»

አሻግሬ ጆንያውን ሊያስተካክል ጎንበስ አለ። ፈየራ ብቻውን ሄደ። ጉልበቱ እየተጋጨ፣ ጣቱ አቧራውን እየጫረ፣ በሁለት ዱላ እስከ ሐዲዱ ሄዶ ተመለሰ። ሲጀምር አንድ ሁለት ሰው ስቋል። ሲመለስ ሁሉም መንገድ ለቀቀለት። እናትህ ከእህል ተራው ዳር ቆማ ታየው ነበር፤ ያኔ ነው ያመነችው መሰለኝ። ወደ እኔ መጥታ ከጆንያው ላይ አንድ እፍኝ ጓያ ዘገነችና ፊቴ ላይ በተነችው። አልጠረግሁትም።

በኋላ አንዲት ሴት፣ ልጅ ያዘለች፣ «እሺ፣ ምን ላብላቸው ታዲያ?» አለችኝ። ለዚህ ተዘጋጅቼ ነበር። ጓያ ይዞ ለመጣ ሁሉ ቁና በቁና በቆሎ እለውጣለሁ፤ በቆሎዬ እስኪያልቅ። በቆሎ የሌለው ቤት ደግሞ ቀቅሎ ውሃውን ይድፋ፣ ካገኘው እህል ጋር ያደባልቅ ብያለሁ። እስከ ማታ አርባ ሦስት ሰው መጣ። ሌሎቹ አልመጡም። አሻግሬም ጆንያውን በሰሌን ሸፈነው፤ ዛሬ ሰኞ ገልጦ ሲሸጥ አየሁት። ነገም ደጁ ላይ ቆሜ እናገራለሁ፤ ከነገ ወዲያም።

የተለዋወጥኩት ጓያ መጋዘኔን ሞልቷል። ለዘር እንዳልሸጠው፣ ለበሬ እንዳልሰጠው ፈራሁ። ምን እንደማደርገው ጻፍልኝ፤ በአየር መልእክት ይሁን። ይቅር በለኝ አልልህም፤ ይህን ማለት የምችለው ለፈየራ ነው፤ ብየዋለሁ፤ ገና አልመለሰልኝም።

ለአንተ ግን መልእክት አለው። ቃሉን እንዳለ እጽፈዋለሁ፤ «ትምህርትህን ጥለህ ብትመጣ፣ እኔ ተሰብሬ አንተም ባዶህን ትቀራለህ። ያን ጊዜ አላናግርህም። ዕፅዋቱን ጨርስ፤ ሌላም የማናውቀው የምንበላው ነገር ካለ ለይተህ አምጣልን።»

ይህን ሲያስጽፈኝ ወንበር አቀረብኩለት፤ እምቢ አለኝ። ቆሞ ነው ያስጻፈኝ።

ጠጄ ሮሪሳ